የጋሼ ይግዛው የግራ ቀኝ ደብተር

ጋሼ ይግዛው ሞቱ ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን አየ?» የሚል ነበር። የደወሉልኝ ድሮ አስተምርበት የነበረው የደምበጫ ትምህርት ቤት የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው። «እኔው ነኛ ያየሁ፣ መምህርት ሰብለ። ሲገነዙ አጠገባቸው ነበርኩ» አሉኝ። በዚያች ሰዓት እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም። መርዶ የሚያረዳን ሰው ማስረጃ አምጣ አይሉትም።

ጥያቄው ግን የእኔ አልነበረም፤ የሟቹ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከጎናቸው ሳስተምር በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስሰማው ኖሬ፣ ሳላውቀው የእኔም አፍ ለምዶት ቀርቷል። ወደ ደብረ ማርቆስ ከተዛወርኩ ወዲህ እንኳ ልጆቼ ተጣልተው «እማዬ፣ እሱ ነው የጀመረኝ» እያሉ ሲመጡ «ማን አየ?» እላለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ የጋሼ ይግዛው ነገር መጣ» ብሎ ይስቃል።

እሳቸው የፊዚክስ መምህር ነበሩ፣ እኔ የባዮሎጂ። ቀጠን ያሉ፣ አንገታቸው ረዘም ያለ፣ ከታጠበ ብዛት ነጭነቱን የተወ ጋዋን የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጥያቄ ሲጠየቁ መጀመሪያ ሁለት መዳፋቸውን እያጋጩ የጠመኔውን ብናኝ ያራግፋሉ፤ መልስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠመኔ ባልያዙበት ቀንም ያራግፋሉ። ገበያ መሃል መንገድ የጠየቃቸውን እንግዳ ሰው ሳይቀር እጃቸውን አራግፈው ነው «በዚህ ታጠፍ» የሚሉት። እኛ ወጣቶቹ መምህራን ከኋላቸው ሆነን እንኮርጃቸው ነበር። አንድ ቀን ዞር ሲሉ አገኙኝና «አራገፍሽው፣ እሺ፤ መልሱስ?» አሉኝ።

ስታፍ ውስጥ፣ ሻይ በምንጠጣበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር አስቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ ገጽ መሃሉ ላይ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። ከግራው ራስጌ «እላለሁ» ይላል። ከቀኙ ራስጌ «ተሳስቼ ከሆነ የማየው» ይላል። የሻይ ሰዓት ላይ ወሬ ይዞ የመጣ መምህር ደብተሩ ይቀርብለታል። የስፖርቱ መምህር ርዕሰ መምህሩ ሊነሳ ነው ብሎ መጣ። በግራ ጻፈው። በቀኝ ምን ትላለህ ሲሉት «እስከ ጥር ካልተነሳ ተሳስቻለሁ» አለ፣ ፈረመ። ጥር አልፎ ርዕሰ መምህሩ ከእኛው ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ጋሼ ይግዛው ገጹን ገልጠው ቀይ እስክሪብቶ ሰጡት። «ተሳስቻለሁ» ብሎ በቀይ ፈረመ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ከሁላችን በላይ ሳቀ።

ያ ቀይ ፊርማ እንደ ውርደት አይቆጠርም ነበር። በደብተሩ ውስጥ ብዙ ቀይ ያለው የራሳቸው የጋሼ ይግዛው ነው። እኔም አለኝ። አንድ ጊዜ ተበሳጭቼ «ዘጠነኛ ሐ ሰነፍ ክፍል ነው» ብዬ በግራ ጻፍኩ። በቀኝ ደግሞ እልኸኛ ነኝና «ሌላ ሰው አስተምሯቸው ከገባቸው ተሳስቻለሁ» አልኩ። በማግስቱ እሳቸው በእኔ ክፍለ ጊዜ ገብተው ስለ ደም ዝውውር አስተማሩ፤ አስቡት፣ የፊዚክስ መምህር። የውኃ ቱቦ ይዘው ነበር የገቡት። ልጆቹ እንደ ጉድ መለሱ። በንዴት በቀይ ፈረምኩ፣ ግን ከዚያ ወዲህ አንድንም ክፍል ሰነፍ ብዬ አላውቅም።

ቤተ ሙከራ ተብሎ ለሁለታችን የተሰጠን አንድ ክፍል ነበር። መሃሉን በችፕውድ ከፍለውት ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የእኔ ሆነ። ችፕውዱ ማየትን እንጂ መስማትን አይከለክልም። እኔ ስለ አንጀት ሳስተምር የእሳቸው ተማሪዎች ይስቃሉ፤ እሳቸው ስለ ስበት ሲያስተምሩ የእኔዎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። ሳልፈልግ ፊዚክስ የተማርኩት በዚህ ዓይነት ነው።

አንድ ቀን ከማዶ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ሌላ ዩኒቨርስ አለ የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ስልክ ላይ ያየችው ቪዲዮ ነው፤ በዚያኛው ዩኒቨርስ ሌላ አንቺ አለሽ፣ እዚህ የወደቅሽውን ፈተና እዚያ አልፈሽዋል ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም። እጃቸውን ሲያራግፉ ተሰማኝ።

«ከዚህ ችፕውድ ማዶ ማን አለ?» አሉ።

«መምህርት ሰብለ» አሉ ልጆቹ።

«ማን አየ?»

አንዱ «ድምፃቸው ይሰማል» አለ።

«ድምፅ ባይሰማስ? ችፕውዱ የድንጋይ ግንብ ቢሆን፣ እኛም ከተወለድን ጀምሮ ከዚህ ክፍል ወጥተን የማናውቅ ብንሆን፣ ማዶ ሰው መኖሩን በምን እናውቃለን?»

እኔም በልቤ መልስ ስፈልግ ትምህርቴን አቋርጫለሁ፤ የእኔ ተማሪዎችም ጆሯቸውን አቁመዋል።

«እስቲ ከታች በግራ በኩል ተመልከቱ» አሉ። እዚያ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ቁም ሳጥኔን ስገፋ ማዕዘኑ ችፕውዱን መትቶት ወደ እነሱ በኩል አብጦ ቀርቷል። «ይህን እብጠት ያመጣው ማን ነው? ከዚህ በኩል የነካው የለም። ከማዶ የሆነ ነገር ገፍቶታል። ሲገፋ አላየንም፣ ድምፁንም አልሰማንም እንበል። ምልክቱ ግን የእኛው ግድግዳ ላይ አለ።»

ተንኮሌ መጣና ችፕውዱን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ሁለቱም ክፍል በሳቅ ተናወጠ። «ይህ ደግሞ ምራቂ ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።

ከዚያ ነገሩን ዘርዝረው አስረዷቸው። አንዳንድ ሳይንቲስቶች ዩኒቨርሳችን ሲጀምር ድስት ውስጥ እንደሚፈላ ሽሮ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንዱ አረፋ የእኛ ነው፤ ጎን ለጎን ሌሎች አረፋዎች ይኖሩ ይሆናል። ከእነሱ ብርሃን አይደርሰንም፣ መልእክተኛም አይመጣም። ነገር ግን ገና ከጅምሩ አንዱ አረፋ ከእኛው ጋር ተነካክቶ ከነበረ፣ የነካን ቦታ ላይ ክብ ምልክት ትቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ የሚፈለገው ባረጀው ብርሃን ላይ ነው፤ ኮከብ የሚባል ነገር ሳይኖር ተነስቶ ዛሬም ከሰማይ በየአቅጣጫው በሚደርሰን ደካማ ሙቀት ላይ። ሰዎች መሣሪያ ወደ ሰማይ ልከው የዚያን ሙቀት ካርታ ሠርተዋል። ካርታው ላይ ክብ ፈልገዋል።

«አገኙ?» አለች ልጅቱ።

«እስካሁን ሁሉንም ያሳመነ ምልክት የለም።»

«እንግዲያ ሌላ ዩኒቨርስ የለም ማለት ነው?»

«የለም ማለት ሊሆን ይችላል። አለ ግን አልተነካካንም ማለትም ሊሆን ይችላል። ተነካክተን መሣሪያችን ደክሞም ሊሆን ይችላል።»

«ቪዲዮው ግን ውሸት ነው?»

እጃቸውን እንደገና አራገፉ። «በግራ በኩል ሌላ እኔ አለች ብለሽ ጻፍሽ እንበል። በቀኝ ምን ትጽፊያለሽ? ምን ብታዪ ነው ተሳስቻለሁ የምትይው?»

ልጅቱ አሰበች። «ምንም አላገኘሁም፣ መምህር።»

«ቀኙ ባዶ ከሆነ ውሸት ነው አልልሽም። ሳይንስ አይደለም ነው የምልሽ። ናፍቆት ሊሆን ይችላል። ናፍቆት የሰው ነው፣ አያሳፍርም። በስሙ መጥራት ብቻ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ለምን እንደወረደ ከችፕውዱ ማዶ ሆኜ አውቅ ነበር። አንድ ልጃቸው አንተነህ ከቤት ከወጣ ያን ጊዜ ሰባተኛ ወሩ ነበር።

አንተነህ ኮሌጅ ጨርሶ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያጣ ልጅ ነው። ኅዳር ላይ ከጓደኞቹ ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከማዶ አንድ ጊዜ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ነገ እንንቀሳቀሳለን» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ወዴት እንደተንቀሳቀሱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እናቱ እትዬ ማንጠግቦሽ ስልካቸውን ከአንገታቸው በክር አንጠልጥለው ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ልጁ በሄደ በዓመቱ አንድ የጉንደ ወይን እህል ነጋዴ ወሬ ይዞ መጣ። በረሃ ላይ መኪና ተገልብጦ የጎጃም ልጆች አልቀዋል፣ ከመካከላቸው አንዱ የደምበጫ አስተማሪ ልጅ ነው ተባለ። ወሬው ከገበያ ተነስቶ እድር ደረሰ። ቅዳሜ ማለዳ የእድሩ ሽማግሌዎች ድንኳኑን በጋሪ አስጭነው ጋሼ ይግዛው ግቢ ገቡ። እኛም መምህራኑ ጥቁር በጥቁር ለብሰን ከኋላ ተከተልን። ሁለት ካስማ እንደተመታ ጋሼ ይግዛው ከቤት ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ።

የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አወለቁና «ይግዛው፣ እግዜር ያጽናህ። እንግዲህ የልጅህ ነገር…» ብለው ጀመሩ።

«ማን አየ?» አሉ ጋሼ።

«ነጋዴው ነው የነገረን።»

«እሱ አይቷል?»

«ከሾፌር ሰምቶ ነው።»

«ሾፌሩስ አይቷል?»

ዳኛው ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞሩ። «እሱም ሰምቶ ነው» አለ አንደኛው።

ጋሼ ይግዛው እጃቸውን አራገፉ። «እንዲህ ማልዳችሁ ስለ እኔ ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንኳኑን ግን መልሱት። ያየ ሰው ሲመጣ እኔው ራሴ መጥቼ እጠራችኋለሁ።»

የእድር ድንኳን ከለቅሶ ደጅ ሲመለስ በደምበጫ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካስማዎቹን ነቅለው ጫኑ። የቆምነው ሁሉ የምንሆነው ጠፋን፤ እንዳናለቅስ ተከልክለናል፣ እንዳንሄድ ያሳፍራል። በዚህ መሃል እትዬ ማንጠግቦሽ ከቤት ወጡ። ጥቁር ቀሚስ በእጃቸው ይዘዋል፣ አልለበሱትም።

«እንግዲያ አለ በለኝ» አሉ ባለቤታቸውን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሞቷል ካልክ ይህን ልልበስና ከሰው ጋር አልቅሼ ይውጣልኝ። አልሞተም ካልክም አለ በለኝ። አንተ አለ ካልከኝ እችለዋለሁ።»

ጋሼ ይግዛው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «አላውቅም፣ ማንጠግቦሽ» አሉ። «አላውቅም።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ቀሚሱን አጣጥፈው ተመልሰው ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር አልለበሱም፤ ሠርግ ቤትም አልሄዱም። አንተነህስ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ «አባቱን ጠይቁት» ይላሉ። ከተማውም ጋሼ ይግዛውን ልበ ደረቅ አላቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብያቸዋለሁ፣ ያውም ፊት ለፊት።

ሰኞ ዕለት ተማሪ ሳይገባ በችፕውዱ ጫፍ ዞሬ ወደ እሳቸው ክፍል ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምን ነበረበት አለ ቢሏቸው? አንዲት ቃል እኮ ናት» አልኳቸው።

«አለ ብያት ባይኖር ሁለተኛ ትቀብረዋለች» አሉኝ። «ሞቷል ብያት ቢመጣ ደግሞ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«እሺ፣ እርስዎስ በልብዎ ምን ይላሉ?»

«የእኔ ልብ ማስረጃ አይደለም፣ ሰብለ።»

«እርስዎ ልብ ያለዎትም አይመስለኝ» አልኳቸው። ተናግሬው ሳልጨርስ ጸጸተኝ፤ ግን ተናግሬዋለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት። ደወል ተደወለ፣ ተማሪዎች ገቡ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ። ይህ ቃሌ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው የክቡ ነገር የመጣው። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ በተመለሰ ሰሞን ጋሼ ይግዛው ያንን የሰማይ ሙቀት ካርታ ከድረ ገጽ አውርደው፣ በፍላሽ ይዘው ደብረ ማርቆስ ሄደው በትልቅ ወረቀት አሳተሙት። እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ነጠብጣብ የሞላበት ሥዕል ነው። በእሳቸው በኩል ባለው የችፕውዱ ገጽ ላይ ለጠፉት። ተማሪዎች ሳይኖሩ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡ ነበር።

አንድ ሐሙስ ችፕውዱ ተንኳኳ። «ሰብለ፣ እስቲ ነይ።»

ስገባ ማስመሪያ በእጃቸው ይዘዋል። የካርታውን የታችኛውን ጠርዝ አሳዩኝ። አቀርቅሬ ሳየው ስስ ክብ መስመር አለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ።

«ይታይሻል?»

«ክብ ነገር ይታየኛል።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለካው ነው የሰነበትኩት። ከየትኛውም በኩል ብትለኪው እኩል ነው።» ማስመሪያውን አንዴ በቁም አንዴ በአግድም እያደረጉ አሳዩኝ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «አውቃለሁ» አሉ ቀጠሉና፣ እኔ ምንም ሳልል። «እነዚያ ሁሉ ሰዎች በዚያ ሁሉ መሣሪያ ያላገኙትን እኔ ደምበጫ ቁጭ ብዬ ላገኘው እንደማልችል አውቃለሁ። ግን እዪው እስቲ።»

እንዲህም ሆነው ደብተሩን አመጡ። በግራ «ይህ ክብ ከሌላ ዩኒቨርስ ጋር የተነካካንበት ምልክት ነው» ብለው ጻፉ። በቀኝ «ካርታው እንደገና ታትሞ ክቡ ከሌለበት ተሳስቻለሁ» አሉና ፈረሙ።

ቅዳሜ እኔም ማርቆስ ጉዳይ ነበረኝና አብረን ሄድን። ማተሚያ ቤቷ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የምትሠራው ወጣት ሻይዋን እየጠጣች ካርታውን እንደገና አተመችልን። ጋሼ ይግዛው አዲሱን ካርታ ከአሮጌው ጎን ዘረጉት። ሁለታችንም ጎንበስ አልን። በአሮጌው ላይ ክቡ አለ። በአዲሱ ላይ የለም።

ቀና አሉና ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ። ከማሽኑ አጠገብ ገና ያልታተመበት የወረቀት ክምር አለ፤ ከክምሩ ላይ የልጅቷ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። «እህቴ፣ ብርጭቆሽን ላንሳው?» አሉ። አነሱት። ከሥሩ ወረቀቱ ላይ እርጥብ ክብ ቀርቷል። ብርጭቆውን ወስደው በአሮጌው ካርታ ላይ፣ ሦስት ቀን በለኩት ክብ ላይ በቀስታ አስቀመጡት። ልክክ አለ።

እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። እሳቸው መሳቅ ጀመሩ፤ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ልጅቷ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ኋላ እሷም አብራን ሳቀች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱን ካርታዎች ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ከከተማው ከወጣን በኋላ በመስኮት እያዩ «ሰብለ፣ ሦስቱን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ» አሉ።

«በክቡ?»

«ከማዶ ምልክት መጣ ብዬ።»

ያን ሰኞ ስለተናገርኩት ክፉ ቃል ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። መኪናው ሰው ሞልቶበታል፣ በኋላ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት። ሰኞ በቀይ ፈረሙና ሁለቱንም ካርታዎች ጎን ለጎን ሰቅለው ለተማሪዎቻቸው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ነገሯቸው። ከአሮጌው ካርታ ሥር በእጃቸው «ዩኒቨርስ ከነሻይ ብርጭቆው» ብለው ጽፈዋል። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ወጡ፤ በዚያው ክረምት እኔም ተዛወርኩ። በየበዓሉ እደውልላቸው ነበር። «ወሬ አለ፣ ጋሼ?» እላቸዋለሁ። «ያየ ሰው አልመጣም» ይሉኛል። ይቅርታውን በስልክ አይሆንም እያልኩ ሳስተላልፈው፣ ሳስተላልፈው፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጥበቃ ሠራተኛው ደወሉ። ሁለት ሳምንት ታመው ነበር። ማንም አልነገረኝም።

ለቀብር ስደርስ ያ የተመለሰው ድንኳን በዚያው ግቢ ተተክሏል። ካስማውን ሲያጠብቁ ያገኘኋቸው እኒያው የእድሩ ዳኛ ናቸው። ባርኔጣቸው ዝናብ ጠግቧል። «ዛሬ እንኳ የሚመልሰን የለም» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ያን ጥቁር ቀሚስ ለብሰውታል።

በሠልስቱ ሰው ቀለል ሲል እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። ከሳጥን ውስጥ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር አወጡ። «ከአንተነህ የትምህርት ወረቀት ጋር አስቀምጦት አገኘሁት» አሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል፣ ግን ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። «ዕድሜውን ሙሉ ከአንቺ ጋር ሲከራከር ነው የኖረው። አንቺ አንብቢልኝ።»

ገለጥኩት። መሃሉ በመስመር የተከፈለ ነው። የግራ ቀኙ ደብተር የቤት ወንድም እንዳለው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ገጽ «ጣሪያው የሚያፈሰው በምሥራቅ በኩል ነው» ይላል፤ በቀኙ «በምዕራብ በኩል ከረጠበ ተሳስቻለሁ» ይልና በቀይ ተፈርሟል። እትዬ ማንጠግቦሽ ፈገግ አሉ። «አዎ፣ በምዕራብ ነበር። ነግሬው ነበር እኮ» አሉ። ስለ ላሟ፣ ስለ ጉድጓዱ ውኃ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አነበብኩላቸው። ሁሉም በግራም በቀኝም የተሞላ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ገጽ ስገልጥ ቆምኩ።

«ምነው?» አሉ። «ክፉ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ።» ጣቴን ከጽሑፉ ሥር አደረግኩ። «መስከረም አንድ ይላል። ከዚያ፣ አንተነህ አለ ይላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«እሳቸው ናቸው። በእጃቸው ነው የጻፉት።»

የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ። መስከረም አንድ፣ አንተነህ አለ። የሚቀጥለውም፣ የሚቀጥለውም እንዲሁ። እስክሪብቶው ይለያያል፣ ቃሉ አንድ ነው። ልጁ ከሄደ ወዲህ የገባው አዲስ ዓመት ሁሉ አለበት። የመጀመሪያውን የጻፉት እድሩ ድንኳን ይዞ ከመምጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብለው ነው። ያን ቀን በረንዳው ላይ አላውቅም ሲሏቸው ይህ ተጽፎ ሳጥን ውስጥ ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«ስድስት ጊዜ።»

ደብተሩን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔን አላውቅም እያለኝ» አሉ። «ለብቻው አለ ሲል ኖሯል።» ከዚያ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እርስዎ ልብ ያለዎት አይመስለኝም ያልኩት ሰው ፊቴ ድቅን አለብኝ፤ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ደግሞ የለም።

ሲረጋጉ «በቀኝ በኩልስ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። «እሱ ሁልጊዜ በቀኝም ይጽፋል።»

«ባዶ ነው፣ እትዬ። ስድስቱም ባዶ ናቸው።»

«ረስቶት ይሆን?»

«እሳቸው አይረሱም።»

ደብተሩን መልሰው ሰጡኝ። ውጭ ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይሰማል። «መስከረም አንድ መቼ ነው?» አሉ።

«የዛሬ ሳምንት።»

«እሱ እንግዲህ አይደርስም። እስክሪብቶ ይዘሻል?»

ይዤ ነበር። ከስድስተኛው ቀጥሎ ያለውን ገጽ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ መሃሉን በመስመር ከፈልኩት። በግራ በኩል «መስከረም አንድ። አንተነህ አለ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያያሉ። ቀኙን፣ እሳቸው እንደተዉት፣ ተውኩት።